መብራቱ ያልጠፋበት ንጋት

ሐጂ አብደላ የሞቱት መብራቱ እንደበራ ነው። ያን ንጋት እዚያ ቤት የነበረ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ውስጥ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ የናይሮቢ ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ባይኖረውም አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ አለው። ሐጂ ሐሙስ ለሱብሂ ሶላት ተነሡ፤ ማሞቂያቸውን አበሩ፤ መታጠቢያ ቤት ገብተው ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ አደረጉ። ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው፣ በባዶ እግራቸው እንደቆሙ እርጥብ እጃቸውን ወደ ማሞቂያው ዘረጉ። ዘይት የተሞላ፣ የብረት ክንፎች የተደረደሩበት፣ በጎማ እግር የሚገፋ ማሞቂያ ነው። መዳፋቸው ብረቱን ነካ፤ መስገጃቸው ላይ ሳይደርሱ ወደቁ።

የልብ ሕመም ነበረባቸውና ቤተሰቡ «ልባቸው ናት» ብሎ አለቀሰ። መዳፋቸውን ገልብጣ የተቃጠለውን ምልክት ያየችው ኢንስፔክተር ንዱኩ የምትባል የሰፈሩ ፖሊስ ናት። የማሞቂያውን ስፒና ስታስፈታው፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ከብሎኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ይህ ሽቦ ያፈተለከ ኮረንቲ ሰው ላይ እንዳይቀመጥ ወደ መሬት የሚወስድ ነው። ስፒናውን ያሰረው ማን ነው ተባለ። ፉንዲው፣ ማለትም ጠጋኙ፣ ኸባብ ነው ተባለ። ሐጂ ሐኪም ካያቸው በኋላ በዚያው ቀን ተቀበሩ፤ ኸባብም በዚያው ቀን ተያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት የኸባብ ሚስት ቀመሪያ ኪሊማኒ ሰፈር መጥታ የአንድ አፓርታማ በር አንኳኳች። የከፈተችላት ሴት ሁለት ካልሲ ደርባ የለበሰች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ናት። ልዕልት ትባላለች። አዲስ አበባ በወንጀል መርማሪነት ያረጀች ናት፤ አሁን ዌስትላንድስ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ደኅንነት ትከታተላለች። ሐበሻው ሲጨንቀው ወደ እሷ ይመጣል።

«እትዬ ልዕልት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ በረዶ ነው።»

«ባሌ ሰው አልገደለም።»

«ማነው ገደለ ያለው?»

«ፖሊስ 'በቸልተኝነት' ነው የሚለው። የሐጂ ልጅ ሙርሺዳ ግን ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ 'አባቴን የገደልከው አንተ ነህ' አለችው። አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

«አንቺ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ። አባቷ ሞቶባታል።»

ልዕልት ልጅቱን ትኩር ብላ አየቻትና ወንበር ሳበችላት።

«ሰኞ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል» አለች ቀመሪያ። «ከተፈረደበት የስደተኛ ወረቀቱም ይሄዳል እያሉኝ ነው። እኔ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። እጇን ሆዷ ላይ አኖረች፤ ልዕልትም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ኸባብ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። የወሎ ልጅ ነው። ኢስሊ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ራዲዮውን፣ ካውያውን፣ የተበላሸውን ሁሉ ይጠግናል።

«ማሞቂያው ምን ሆኖ ነው የመጣልህ?» አለችው።

«የቤቱን መብራት ያጠፋል ተብሎ ነው፣ እትዬ። ሐጂ ንጋት ላይ ያበሩታል፣ ትንሽ ሞቅ ሲል ቀጭ ይላል፤ ቤቱ ሁሉ ጨለማ። ወስጄ ገመዱን ቀየርኩ፣ አዲስ ስፒና አሰርኩለት። ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በርቶ ዋለ፤ ምንም የለበትም። መለስኩላቸው። በማግሥቱ 'ኸባብ ልጄ፣ አሁንም አጨለመኝ' ብለው ደወሉ።»

«ከዚያስ?»

«የሙቀት መቆጣጠሪያውን ቀየርኩ። እኔ ጋ ሠራ፤ እሳቸው ጋ እምቢ። መሳቂያ ሆንኩ። አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ከሊድ 'ማሞቂያው አንተን ወዷል፣ እዚያው አግባው' አለኝ።»

ልዕልት ፈገግ አለች፤ ኸባብ ግን አልሳቀም።

«ሦስተኛ ጊዜ ስወስደው ነው የገባኝ። የእኔ ሱቅ የመሬት ሽቦ የለው፣ ኮረንቲ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር የለው። ሐጂ ቤት ግን ሁለቱም አለ። ማሞቂያው ከታሸገው ሆዱ ውስጥ ያፈሳል። እኔ ጋ ዝም ብሎ ይሠራል፤ እሳቸው ጋ ያፈሰሰው በመሬት ሽቦው ሲሄድ ብሬከሩ ያውቅና ይቆርጣል።»

«ታዲያ ቤቱን ያጨለመው ብልሽት አይደለማ።»

«አይደለም። ያጨለማቸው ጥበቃው ነው። ማክሰኞ መለስኩላቸውና 'ሐጂ፣ ይህ አይድንም፣ አዲስ ይግዙ' አልኳቸው። 'ነፍሷን ይማርና ሚስቴ የገዛችው ነው፣ እንዴት እጥለዋለሁ' አሉኝ።»

«ከዚያ በኋላ አበሩት?»

«ረቡዕ ንጋት ሞከሩት፤ አጨለመ። ራሳቸው ደውለው እየሳቁ 'ልክ ነህ' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ አልነካውም።»

«የሙርሺዳ ባል ሳኒ ግን ረቡዕ ከሰዓት መጥተህ እንደጠገንከው ለፖሊስ ቃል ሰጥቷል።»

ኸባብ ቀና አለ። «ወላሂ አልሄድኩም። ሱቄ ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ብቻዬን ነበርኩ። አላህ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል» አለች ልዕልት በቀስታ። «ለኢንስፔክተሯ ግን ሰው ላምጣላት።»

ኢንስፔክተር ንዱኩ ነገሩ አልቋል ባይ ናት። «ብሎን ሳያጠብቅ የሚሄድ ፉንዲ በዚህ ከተማ ስንት አለ መሰለሽ?» አለቻት። ቢሆንም ልዕልትን ከዚህ በፊት ታውቃታለችና እስከ እሑድ ማታ ጊዜ ሰጠቻት።

የሐጂ ቤት በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ሳሎን ውስጥ ቁርኣን ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ጓዳውን ይዘዋል። ሻይ እያዞረ፣ ጫማ እያስተካከለ፣ ለሽማግሌዎቹ ትራስ እያቀረበ ያለው ሳኒ ነው። እንዲህ ያለ አማች ያገኘ ታድሏል የሚያሰኝ ሰው ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ፈጣን።

ልዕልት መጀመሪያ የሐጂን ክፍል አየች። ጠባብ ናት። ከበሩ ቀጥሎ ትልቅ ቁም ሣጥን ቆሟል፤ ማሞቂያው ይቀመጥ የነበረው ከቁም ሣጥኑ ወዲያ፣ መስገጃው ከተዘረጋበት ጥግ ነው። ማጥፊያ ያለው ሶኬቱ እዚያው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ተተክሏል። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ቆመችና ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ የታያት የቁም ሣጥኑ ጎን ብቻ ነው። ከዚያ ኮሪደሩ ዳር ወዳለው የመብራት ሣጥን ሄዳ ክዳኑን ከፈተች። ብሬከሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ በጣቷ ተጫነች፤ ደኅና ብሬከር ይህች ስትነካ መቁረጥ አለበት። መብራቱ አልጠፋም። ደግማ ተጫነች። ምንም። ክዳኑን መለሰችና ለማንም ምንም ሳትናገር ሄደች።

ከሊድን በረንዳ ላይ አገኘችው። ኢስሊ ውስጥ ሽቦና ሶኬት ይሸጣል፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«የመብራት ሣጥኑን የገጠምከው አንተ ነህ አሉ።»

«ዓምና፣ በገዛ እጄ። ከሱቄ ያለውን ጥሩ ብሬከር ነው ያመጣሁላቸው።»

«ከአጎትህ ጋር ግን ሰላም አልነበራችሁም።»

«ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን ምን ልደብቅ። ሱቁን ዘግተን ሞያሌ እንግባ አሉ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ለዓርብ ሽማግሌ ጠርተውብኝ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ሽማግሌዎቹ ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው መጡ።»

«ሐሙስ ጩኸቱን ስትሰማ ምን አደረግህ?»

ከሊድ ወደ ሳሎኑ በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህን ለፖሊስም አልተናገርኩም፤ ያሳፍራል። ወደ ሣጥኑ ሮጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ቤቱ ሲጨልም ሮጬ ብሬከሩን ማንሣት። ከእንቅልፌ ብንን ስል እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ስዳብሰው አልወደቀም። ለካ መብራቱም በርቷል። አጎቴ እየሞቱ እኔ ሣጥን እዳብሳለሁ።»

ልዕልት ትከሻውን ዳሰስ አድርጋ ተወችው።

ሳኒ ራሱ መጣ፤ ሻይ ይዞላት።

«እህቴ ልዕልት፣ ለዚያ ምስኪን ብለው እንደሚደክሙ ሰማሁ። ኸባብ ክፉ ልጅ አይደለም። ቤተሰቡ ይቅር እንዲለው እኔ ራሴ ለሽማግሌዎቹ ተናግሬያለሁ።»

«ሥራህ ምንድነው፣ ሳኒ?»

«ሰሜን ባለው የስደተኞች ካምፕ ነው፤ ጀነሬተሩን፣ ውኃውን፣ መኪናውን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ሳምንት እዚያ፣ ሳምንት እዚህ።»

«ረቡዕ ከሰዓት ቤት ነበርክ?»

«ብቻዬን። ሐጂ ሐኪም ቤት፣ ከሊድ ሱቅ። ኸባብ መጣ፣ ነካካው፣ 'አሁን ዳነ' ብሎ ሄደ። ለሐጂ ስነግራቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው።»

«ሲወድቁስ ምን መሰለህ?»

«እንደ ሁሉም ሰው ልባቸው ነው የመሰለኝ። ኮረንቲ መሆኑን ኢንስፔክተሯ መዳፋቸውን እስክታሳየን ማን ገመተ?»

«ሽማግሌዎቹ ዓርብ በምን ነገር ነበር የተጠሩት?»

«በከሊድና በሱቁ ነገር ነዋ» አለና ሌላ ሻይ ሊያመጣ ተነሣ።

ሙርሺዳ የልጅ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአንድ አየር መንገድ ተሳፋሪ ተቀባይ ናት፤ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች።

«የመጡት ለኸባብ ከሆነ ይቅርብኝ» አለች ገና ልዕልትን ስታይ።

«የመጣሁት ለሐጂ ነው። ሐሙስ ንጋት ሥራ አልነበርሽም?»

«ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ ቀድሜ መጣሁ። ቤት ገብቼ ለማንም ሳልናገር ኩሽና ውሃ እያፈላሁ ነበር። ዱብ ሲል ሰማሁ። ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩ፤ አባቴን ተዘርግተው አየኋቸው። ልገባ ስል ሳኒ ከኋላዬ ከኮሪደሩ 'አትንኪያቸው' ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩና ቆምኩ። በጎኔ አልፎ ገባ፣ በጫማው ጫፍ የሶኬቱን ማጥፊያ መታ፣ ከዚያ 'ነይ' አለኝ። ያን ጊዜ አቀፍኳቸው።»

«ለምን 'አትንኪያቸው' ያለሽ ይመስልሻል?»

«እንዳልጎዳ ይሆናል። ሰው ሲሞት እንዲህ ይላል አይደል?»

«ይላል። ልጅሽ ላሚያስ?»

«ረቡዕ ማታ ሳኒ ወደ እህቱ ቤት ወስዷት ነበር። እስካሁን እዚያው ናት።»

«ስለ ዓርቡ ሽማግሌ ንገሪኝ።»

ሙርሺዳ የአልጋ ልብሱን ክር መምዘዝ ጀመረች። «የከሊድ ነገር ነው ይባላል» አለች። ልዕልት ክሩን አየች፤ ተጨማሪ አልጠየቀችም።

እሑድ ከሰዓት ለቀስተኛው ሲሳሳ ልዕልት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ኢንስፔክተር ንዱኩ ማሞቂያውን ለፖሊሶቿ አስይዛ መጣች። ኸባብ እጁ በካቴና ታስሮ በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ቀመሪያ ከጎኑ ወለሉ ላይ። ሙርሺዳ ፊቷን ከሁለቱ አዞረች። ከሊድ መስኮቱን ተደግፏል። ሳኒ ለኢንስፔክተሯ ወንበር አመጣላትና ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ልዕልት በአማርኛ እየተናገረች ለኢንስፔክተሯ በእንግሊዝኛ ትደግምላት ነበር።

«ይህ ማሞቂያ ተበላሸ ተባለ» ስትል ጀመረች። «ሳምንቱን ሙሉ ሁላችሁ ማሞቂያውን ስትመረምሩ ሰነበታችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ግን ስለ መብራቱ ነው። ከሊድ፣ ማሞቂያው ሲበራ ቤቱ ለምን ይጨልም ነበር?»

«ያፈሰሰው ኮረንቲ በመሬት ሽቦው ሲወርድ ብሬከሩ ይቆርጣላ።»

«የመሬት ሽቦው ከስፒናው ተነቅሎ ቢሆንስ?»

«ያን ጊዜ መውረጃ የለውም። ኮረንቲው ብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው እስኪነካው ብሬከሩም አያው...» ከሊድ አፉን ዘጋ። ዓይኑ ወደ ኸባብ ሄደ።

«ጨርሰው።»

«ብሬከሩም አያውቀውም። አይጨልምም።»

«ረቡዕ ንጋት ግን ጨልሟል። ሁላችሁ አይታችኋል። እንግዲያው ረቡዕ ንጋት የመሬት ሽቦው በቦታው፣ በብሎኑ ጠብቆ ነበር ማለት ነው። ኸባብ ያሰረው ማክሰኞ ከመመለሱ በፊት ነው። ሥራውን በደንብ መሥራቱን የሚመሰክርለት ያ ያስቸገራችሁ ጨለማ ነው።»

ቀመሪያ የባሏን እጅጌ ያዘች። ኢንስፔክተር ንዱኩ በወንበሯ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ረቡዕ ከሰዓት መጥቶ ነካክቶታል፤ ተናግሬያለሁ» አለ ሳኒ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ያን ጊዜ ፈትቶት ረስቶት ይሆናላ።»

«ይሁን፤ መጥቷል እንበል። ብሎን ረሳ እንበል። ግን አንድ ነገር ይቀራል። ኮረንቲው ብረቱ ላይ ተቀመጠ፤ ሐጂ በእርጥብ እጃቸው ነኩት፤ በሰውነታቸው አልፎ በእርጥብ እግራቸው ወደ ወለሉ ወረደ። ከሊድ፣ ያን ጊዜ ያ ጥሩ ብሬከርህ ምን ማድረግ ነበረበት?»

ከሊድ ከመስኮቱ ተላቀቀ። «መቁረጥ። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ መቁረጥ። የተገዛው ለዚህ ነው።»

«አልቆረጠም። ሐጂ ሲሞቱ መብራቱ በርቶ ነበር።»

ልዕልት ተነሥታ ኮሪደሩ ዳር ሄደች፤ ሁሉም ተከተሏት። ሣጥኑን ከፍታ የመሞከሪያዋን ቁልፍ ተጫነች። መብራቱ እንደበራ ቀረ። ከሊድ ሊነካው ሲል ኢንስፔክተሯ ክንዱን ያዘችው፤ ዋናውን ማጥፊያ ራሷ አወረደችና ክዳኑን በብሎን መፍቻ አስከፈተችው። ከሊድ በስልኩ ብርሃን አጎንብሶ ተመለከተ።

«ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ሽቦዎቹን ሰው አዙሯቸዋል። ኮረንቲው ብሬከሩን ዘሎ ያልፋል። ከውጭ ሲታይ ደኅና ነው፤ ግን ዕውር ነው።»

«ቸልተኛ ሰው አንድ ብሎን ይረሳል» አለች ልዕልት ለኢንስፔክተሯ። «ስፒናውን ፈትቶ፣ ሄዶ ደግሞ ይህን ሣጥን የሚያሳውር ግን ረስቶ አይደለም። ይህ በእርጥብ እጃቸው ማሞቂያ የመንካት ልማዳቸውን የሚያውቅ ሰው ያሰበበት ነው።»

ኢንስፔክተር ንዱኩ ዓይኗን ከሊድ ላይ አሳረፈች። «ሣጥኑን የሚያውቀው እሱ ነው። የተጣላውም እሱ ነው።»

«እኔም እንዲያ አስቤ ነበር። ግን ከሊድ ጩኸቱን ሲሰማ የሮጠው ወደዚህ ሣጥን ነው፤ ቆረጠ አልቆረጠ ሊያይ። ዕውር ያደረገው ሰው ምን ፍለጋ ወደ እሱ ይሮጣል? ለማስመሰል ነው እንዳይባል፣ ላንቺ እንኳ አልነገረሽም፤ አፍሮበት ደብቆታል።»

ከሊድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ከኮሪደሩ አትሂዱ፤ እዚሁ ይሻለናል» አለች ልዕልት። የሐጂ ክፍል በር ክፍት ነበር። «ሳኒ፣ ሐጂ ሲወድቁ ምን መሰለህ ብዬህ ነበር?»

«ልባቸው። ነግሬዎታለሁ።»

«ኢንስፔክተሯ እስክታሳይህ ኮረንቲ መሆኑን አልገመትክም።»

«ማንም አልገመተም።»

«እዚህ ና፣ እዚህ ጋ ቁም። ያን ዕለት የነበርክበት ቦታ ነው። ምን ይታይሃል?»

ሳኒ ቆመ። የቁም ሣጥኑ ጎን ፊት ለፊቱ ነበር።

ልዕልት ወደ ሙርሺዳ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የምትጠይቃት ነገር ከባድ መሆኑን ታውቃለችና።

«ሙርሺዳ፣ አባትሽን ልታቅፊ ስትገቢ ከዚህ ቦታ ምን ተባልሽ? እኔ የሰማሁትን ብናገር ዋጋ የለውም። የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ዝም ካልሽ ይህ ልጅ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ሙርሺዳ ባሏን አየች። ሳኒ «ሙርሺዳ» አለ። በካቴና የታሰረው ኸባብ መሬት መሬቱን ያያል። ኮሪደሩ ደብዝዟል፤ የኢንስፔክተሯ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው የሚያበራው። ሙርሺዳ ያ ቃል በጆሮዋ ሲያስተጋባ፣ ለሦስት ቀን እንደ ርኅራኄ ይዛው የነበረው ነገር መልኩ ተለወጠባት።

«'አትንኪያቸው' አለኝ» አለች።

«ሰው ልቡ ቆሞ ሲወድቅ ዘመዱ ይሮጣል፣ ይይዘዋል፣ ያናውጠዋል» አለች ልዕልት። «'አትንኪያቸው' የሚል ኮረንቲውን የሚያውቅ ብቻ ነው። ያውም ማሞቂያው በማይታይበት ቦታ ቆሞ። ከዚያ ገብቶ ሶኬቱን በጫማው አጠፋው፤ እጁን አላቀረበም። ወደ ሣጥኑም አልሮጠም። ሣጥኑ እንደማይቆርጥ የሚያውቅ ከዚህ ቤት እሱ ብቻ ነበር። ልጁን በዋዜማው ያራቃትም እሱ ነው። አንቺ ደግሞ ሥራ ላይ ያለሽ መስሎት ነበር፤ መምጣትሽን አላወቀም።»

«ለምን?» አለ ከሊድ ከተቀመጠበት። «ሐጂ ምን አደረጉት? ሽማግሌው የተጠራው በእኔ ነው።»

«ባንተ አይደለም» አለች ሙርሺዳ። ዓይኗን ከባሏ ላይ አላነሣችም። «በእኔ ነው። ያንተ ነገር የተባለው ሽፋን ነው፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። አባቴ ፍቺዬን ዓርብ በሽማግሌ ሊያስጨርሱልኝ ነበር። የእሱ መኖሪያ ፈቃድ በእኔ ሥራ ነው የተሰጠው፤ ከተፋታን ከኬንያ ይወጣል፣ ላሚያም ከእኔ ጋር ትቀራለች። አባቴ ከሌሉ ለሽማግሌ የሚናገርልኝ እንደሌለ ያውቃል።»

የዚያን ጊዜ የሳኒ ለስላሳነት ከፊቱ ላይ ረገፈ። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ኢንስፔክተሯ መሐል ገባች።

«ባልጮህልሽ አብረሻቸው ትሞቺ ነበር» አላት። «ዝም ማለት እችል ነበር። ይህን አታስቢም?»

ልዕልት ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ኢንስፔክተር ንዱኩ ለመተርጎሟ አመሰገነቻትና ካቴናውን ከኸባብ እጅ ፈትታ ሳኒ ላይ አደረገች።

«አስቤዋለሁ» አለች ሙርሺዳ። «ለእኔ ብለህ ይሁን ለወረቀትህ፣ እሱን አላውቅም። ያዳንካትን ሴት ነው የምታጣው። ኢንስፔክተር፣ ቃሌን እዚሁ እሰጣለሁ፤ ላሚያን ከማምጣቴ በፊት ይጠናቀቅልኝ።»

ፖሊሶቹ ሳኒን ይዘው ወጡ። ሙርሺዳ ቃሏን ሰጥታ ስትጨርስ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ በርቷል፤ የሐጂ ቤት ብቻ ጨለማ ነው። ኢንስፔክተሯ የመብራት ሣጥኑን አሽጋለችና እስኪመረመር ድረስ ማንም አይከፍተውም። ከሊድ መኪናውን ሊያስነሣ ወጣ። ሙርሺዳ ኮቷን ይዛ ሳሎኑ መሐል ቆመች፤ ልጇን ከሳኒ እህት ቤት አምጥታ ወዴት እንደምትወስዳት የምታስበው ገና አሁን ነው።

ኸባብና ቀመሪያ በሩ ላይ ነበሩ። ኸባብ የካቴናው ምልክት ያለበትን አንጓውን እያሸ ጫማውን በእግሩ ይፈልጋል።

«ኸባብ» አለች ሙርሺዳ። «በሰው ፊት የተናገርኩህን...»

«ይቅር፣ እህቴ» አለ። «ሐዘን ነው።»

ቀመሪያ ባሏን አለፍ ብላ መጣች። የሙርሺዳን ኮት ከእጇ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አለበሰቻት፤ አንገትጌውን አስተካከለችላት።

«ልጅቱን ይዘሽ እኛ ጋ ነይ» አለቻት። «አንድ ክፍል ናት፤ ኸባብ ሱቁ ውስጥ ያድራል።»

«እናንተ ጋ? እኔ?»

«ወዴት ልትሄጂ ነው ታዲያ፣ በዚህ ብርድ?»

ሙርሺዳ ኮቷን ቆለፈች። ከውጭ የከሊድ መኪና ሞተር ተነሣ።

«ልጅቱ ማታ ማታ ምን ትበላለች?» አለች ቀመሪያ።

«ሩዝ። ወተት ካልተደረገበት ግን አትቀምሰውም።»

«ወተት የለንም። ሱቁ ሳይዘጋ እንሂድ።»